ማይክሮፎኑ ዝም ሲል፦ ኢንተርኮም በእጅ ለመሥራት ለተነሳችሁ

በገዛ እጁ ኢንተርኮም፣ ማለትም ከክፍል ወደ ክፍል የሚያነጋግር መሣሪያ፣ ለመሥራት የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው ማጉያውን፣ ድምፅ የሚያጎላውን ክፍል፣ ነው። እግሮቹ ብዙ፣ በዙሪያው የሚገጠሙት ዕቃዎችም ብዙ ስለሆኑ መፍራቱ አይገርምም። እኔን እንቅልፍ የነሳችኝ ግን ከትንሿ ጣት ጥፍር የማትበልጠው ማይክሮፎን ናት። ማጉያው ይሠራል፣ ስፒከሩ ይሠራል፣ ማይክሮፎኗ ስትገናኝ ግን ጭጭ። ዝምታው ሲያልፍ ድም ድም የሚል ድምፅ ይመጣል፤ እሱ ሲጠፋ ጉርምርምታ፣ ከጉርምርምታው በኋላ ደግሞ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት። አራቱም የተለያዩ በሽታዎች ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ሁሉም የሚነሱት ማይክሮፎኗ ኤሌክትሪክ ከምታገኝበት፣ ሽቦዋ ከሚያልፍበትና እሷ ከምትቀመጥበት ቦታ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ብዙ ምሽት ይተርፈኝ ነበር።

አባቴ ከጉሮሮ ቀዶ ሕክምና በኋላ ድምፃቸው ሳሳ። ከመኝታ ክፍላቸው ሆነው ሲጣሩ ኩሽና ላለ ሰው አይሰማም። ደወል ሰጥተናቸው ነበር፤ ደወል ግን «ኑ» ከማለት በቀር ሌላ አይናገርም። ውሃ ይሁን መድኃኒት፣ ወይስ ጨዋታ ፈልገው ይሁን ለማወቅ ሮጦ መሄድ ግድ ነበር። እሳቸው የሚፈልጉት ደግሞ መጥራት ብቻ ሳይሆን መነጋገር ነው። ስለዚህ የምሠራው ኢንተርኮም የሳሳ ድምፅ ማንሳት ነበረበት፤ እሳቸውም ለመናገር ቁልፍ መጫን አይጠበቅባቸውም። እነዚህ ሁለት ነገሮች ኋላ የመጣውን ችግር ሁሉ ወስነውታል።

ለማጉያነት የመረጥኩት ኤልኤም 386 የተባለውን ቺፕ ነው። ስምንት እግር አለው፤ ከ4 እስከ 12 ቮልት ባለው ኃይል ይሠራል። እንዳለ ሲገጠም የገባለትን ድምፅ 20 እጥፍ ያጎላል፤ በ1ኛና በ8ኛ እግሮቹ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም፣ የባትሪን ቀጥተኛ ቮልት ግን የማያሳልፍ ዕቃ) ሲገባ 200 እጥፍ ይደርሳል። ከስልክ ሙዚቃ አስገብቼ ስፈትሸው ጥርት ብሎ ተሰማ። ማይክሮፎኗን በሙዚቃው ቦታ ሳስገባ ግን ምንም የለም። ጮህኩባት፣ መታሁዋት፣ በሌላ ቀየርኳት፤ ያው ነው።

በእጄ የነበረው ንድፍ ማይክሮፎኑን በአንድ ካፓሲተር በኩል በቀጥታ ወደ ማጉያው የሚያስገባ ነበር። ደጋግሜ ባየውም ከንድፉ የወጣ ሽቦ አላገኘሁም። በመጨረሻ ሬዲዮ ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ አንድ አዛውንት ጎረቤት ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሰርኪቱን ገልበጥ አድርገው አዩና «ማይክሮፎኑ ጫፍ ላይ ስንት ቮልት አለ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ማይክሮፎን እኮ ነው። ቮልት ምን ያደርግለታል?»

«እስቲ ለኪው፣ ልጄ።»

ለካሁት። ዜሮ።

ንድፉ የተሳለው ለዳይናሚክ ማይክሮፎን ነበር። ዳይናሚክ ማይክሮፎን ውስጥ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ አለ፤ ድምፅ ጥቅሉን ሲያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪኩን ራሱ ያመነጫል፤ ከውጭ ምንም አይፈልግም። ትንሿ ክብ ማይክሮፎን ግን ኤሌክትሬት ትባላለች። ውስጧ ቻርጁ የማይለቅ ስስ ሽፋንና አንዲት ጥቃቅን ትራንዚስተር (ደካማ ኤሌክትሪክን የምታጎላ ዕቃ) አሉ። ይህን ዓይነት ማይክሮፎን እ.ኤ.አ. በ1962 በቤል ላብራቶሪ የፈለሰፉት ጌርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት ናቸው። ለብዙ ዓመታት በስልክና በኮምፒውተር ጆሮ ማዳመጫዎች ሳይቀር ሲገጠም የኖረው የእነሱ ሥራ ዘር ነው። ሽፋኑ ቻርጅ አለው፤ ትራንዚስተሯ ግን ካልተመገበች አትሠራም። እኔ ደግሞ ባዶ ሆዷን ነበር ተናገሪ የምላት።

መፍትሔው አንዲት ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የምትገድብ፣ መጠኗ በኦም የሚለካ ዕቃ) ናት። ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስታ ወደ ማይክሮፎኗ የድምፅ ጫፍ ትገባለች። ከ2.2 እስከ 10 ኪሎ ኦም ያለው ሁሉ ይሠራል፤ እኔ በ9 ቮልት 4.7 ኪሎ ኦም ተጠቀምኩ። ማይክሮፎኗ የምትወስደው ከግማሽ ሚሊ አምፔር የማይበልጥ ስለሆነ ጫፏ ላይ ሰባት ቮልት አካባቢ ይገኛል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ መልቲሜትር (ቮልትና የመሳሰለውን የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ ከማንኛውም ምርመራ በፊት ይህን ለኩ። ልክ የባትሪውን ያህል ካሳየ ማይክሮፎኗ ምንም እየወሰደች አይደለም ማለት ነው፤ ሽቦ ተቆርጧል ወይም እሷ ሞታለች። ዜሮ ከሆነ ወይ ሬዚስተሯ የለችም፣ ወይ ሁለቱ ጫፎች ተነካክተዋል። በመካከል ከሆነ ማይክሮፎኗ በሕይወት አለች፤ ችግሩን ከእሷ ወዲህ ፈልጉ።

ሁለቱ ጫፎች እኩል አይደሉም። ማይክሮፎኗን ገልብጣችሁ ጀርባዋን በብርሃን እዩት። ሁለት ግማሽ ክብ የመሰሉ የመበየጃ ቦታዎች አሉ፤ ከአንደኛው ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ወጥተው የብረት ቆቡ ጠርዝ ላይ ይገናኛሉ። ያ ከቆቡ ጋር የተያያዘው ኔጌቲቩ ነው። ዓይን ካልለየው በመልቲሜትር ቆቡንና ጫፎቹን በየተራ ነክቶ ማረጋገጥ ይቻላል። ገልብጣችሁ ከገጠማችሁ ድምፁ ይደክማል ወይም ይጠፋል፤ ቆቡን በጣት ስትነኩ ደግሞ ስፒከሩ ያጉረመርማል። ስትበይዱ ሽቦውን አስቀድማችሁ ሊድ አልብሱትና ማይክሮፎኗን ከሁለት ወይም ከሦስት ሴኮንድ በላይ አታግሏት። የፕላስቲኩ ሽፋን ሙቀት አይችልም፤ ተጎድታም ቢሆን ከውጭ ምንም ምልክት አይታይባትም።

ከማይክሮፎኗ ወደ ማጉያው የሚሄደው ድምፅ በካፓሲተር ማለፍ አለበት፤ አለበለዚያ ያ ሰባት ቮልት ቺፑ ውስጥ ይገባል። የኤልኤም 386 መግቢያ ከ0.4 ቮልት በላይ እንዲገባበት የማይፈቀድ ስስ ክፍል ነው። ፖላሪቲ ያለው (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ጫፉ የተለየ) ካፓሲተር ከሆነ ፖዘቲቩ ወደ ማይክሮፎኗ ይዙር። ብዙዎች እዚህ ላይ ትልቅ ካፓሲተር ይመርጣሉ። እኔ ግን ከ10 ኪሎ ኦም የድምፅ መቆጣጠሪያ ጋር 0.1 ማይክሮፋራድ ይሻላል እላለሁ። ከ100 ኸርዝ (በሴኮንድ 100 ንዝረት) በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የመብራት መስመሩን የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ከግማሽ በላይ ያዳክመዋል። ንግግር ከዚያ በታች ባለው ድምፅ ብዙም አይጎዳም፤ የድሮ ስልክ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ብቻ ነበር፤ ሰው ግን ሲግባባበት ኖሯል።

እዚህ ላይ ድምፅ መጣ። ደስታው ግን አልቆየም። መቆጣጠሪያውን ከፍ ሳደርገው ስፒከሩ ድም ድም ድም እያለ እንደ ሞተር ይመታ ጀመር፤ ዝቅ ሳደርገው ያቆማል። አዲስ ባትሪ ሲገባ ይሻለዋል፣ ባትሪው ሲደክም ይብሳል። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። አንድ የውሃ መስመር ሁለት ቤት ሲያጠጣ የታችኛው ቤት ቧንቧውን በከፈተ ቁጥር የላይኛው ቤት ውሃ ይቀንሳል። ስፒከሩም አንድ ጊዜ ሲመታ ከባትሪው ብዙ ስለሚስብ ቮልቱ ለቅጽበት ይወርዳል፤ ያ መውረድ በ4.7 ኪሎ ኦሟ በኩል ማይክሮፎኗ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ማጉያውም ድምፅ መስሎት ያጎላዋል፤ ስፒከሩ እንደገና ይመታል። ዙሩ እንዲህ ይቀጥላል።

ማይክሮፎኗ የራሷ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋታል። ከባትሪው ፖዘቲቭ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ትንሽ መስመር አወጣሁ፤ በዚያ ሬዚስተርና በ4.7 ኪሎ ኦሟ መገናኛ ላይ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ ኔጌቲቭ አስገባሁ። ድም ድሙ ወዲያው ቆመ። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ካደረግኩት ነገር ይህን ያህል የጠቀመኝ የለም። ንድፋችሁ ላይ ባይኖርም እንኳ ከመጀመሪያው አስገቡት። በዚያው አጋጣሚ ቺፑ አጠገብ በኃይል መስመሩ ላይ 470 ማይክሮፋራድ፣ ከ7ኛ እግሩ ወደ ኔጌቲቭ 10 ማይክሮፋራድ፣ ከመውጫው ወደ ኔጌቲቭ ደግሞ ባለ 10 ኦም ሬዚስተርና ባለ 0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ቢገቡ ቺፑ ይረጋጋል። የመጨረሻው ጥንድ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሲዘለል ቺፑ ለጆሮ በማይሰማ ፍጥነት ሊንቀጠቀጥና ያለ ምክንያት ሊግል ይችላል።

የኔጌቲቩም መንገድ ሊታሰብበት ይገባል። የስፒከሩና የማይክሮፎኗ ኔጌቲቭ በአንድ ቀጭን ሽቦ ተከታትለው ከሄዱ የስፒከሩ ጉልበት እዚያ ሽቦ ላይ ጥቂት ሚሊ ቮልት ይፈጥራል። ለስፒከሩ ምንም ነው፤ ለማይክሮፎኗ ግን የራሷን ድምፅ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሁለቱ በየራሳቸው ሽቦ መጥተው 4ኛው እግር ላይ ብቻ ይገናኙ።

ቀጥሎ የመጣው የርቀት ጉዳይ ነው። ማጉያውን ኩሽና አስቀምጬ ማይክሮፎኗን በረጅም ተራ ሽቦ አባቴ ክፍል ወሰድኳት። ሽቦው ከመብራት መስመር ጎን ለጎን ስለሚሄድ ስፒከሩ ቀኑን ሙሉ አጉረመረመ። ጉርምርምታ እንዳይገባበት በብረት መረብ የተሸፈነ ኬብል አስገባሁ፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ዓይነቱ ኬብል በየቦታው የሚሰጥ አንድ ምክር አለ፤ «መረቡን በአንድ ጫፍ ብቻ አገናኙ» ይባላል። ምክሩ ትክክል የሚሆነው በመረቡ ውስጥ ሁለት ሽቦ ሲኖር ነው። ውስጡ አንድ ሽቦ ብቻ ከሆነ መረቡ ራሱ የማይክሮፎኗ ኔጌቲቭ ስለሆነ በሁለቱም ጫፍ መገናኘት አለበት፤ አለበለዚያ እንደገና ዝምታ ነው።

መፍትሔው የመጣው ነገሩን ገልብጬ ባየሁ ጊዜ ነው። ማይክሮፎኗ የምትሰጠው ከሚሊ ቮልት ያነሰ ወይም ጥቂት ሚሊ ቮልት ነው። በረጅም ሽቦ ላይ እሱን ከመላክ ለምን ማጉያው ወደ እሷ አይሄድም? ማጉያውን ነቅዬ አባቴ ክፍል፣ ማይክሮፎኗ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ በረጅሙ ሽቦ የሚሄደው አስቀድሞ የጎላው የስፒከር ድምፅ ሆነ። ጉርምርምታው ጠፋ። ባለ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 20 ሜትር ሄዶ ሲመለስ የሚጨምረው ወደ 1.4 ኦም ብቻ ነው፤ ባለ 8 ኦም ስፒከር ይህን ያህል ቢቀነስበት ጆሮ እምብዛም አይለየውም። የማይክሮፎን ሽቦ ይጠር፤ መርዘም ያለበት ካለ የስፒከሩ ይርዘም። ማይክሮፎኗ ላይ በሁለቱ ጫፎች መካከል 1 ናኖፋራድ ካፓሲተር ብትበይዱ ደግሞ ሞባይል ስልክ አጠገቧ ሲቀመጥ የሚሰማው ጠርጠርታ ይቀንሳል።

አሁንም የአባቴ ድምፅ ደካማ ነበር። ምክንያቱን በስሌት ማየት ይረዳል። የተለመደች ኤሌክትሬት፣ ሰው በተራ ድምፅ አንድ ሜትር ርቆ ሲናገር የምትሰጠው ከሚሊ ቮልት አንድ አሥረኛ ብዙ አይበልጥም። በ200 ቢባዛም ስፒከር የሚያንሾካሹክ ያህል ነው፤ የሳሳ ድምፅ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሁለት ነገር አደረግኩ። አንደኛ፣ ማይክሮፎኗን ከግድግዳው አንስቼ በሚታጠፍ ወፍራም ሽቦ ትራሳቸው ዳር አመጣኋት። ከአንድ ሜትር ወደ አሥር ሳንቲ ሜትር መቅረብ ድምፁን አሥር እጥፍ ያሳድገዋል። ይህ ቺፑን ከ20 ወደ 200 የማሳደግ ያህል ነው፤ ልዩነቱ በዚህኛው ከጀርባ የሚሰማው «ሽሽ» የሚል ድምፅ አብሮ አለማደጉ ነው። ትንፋሽ እንዳይመታት ቁራጭ ስፖንጅ አለበስኳት።

ሁለተኛ፣ በማይክሮፎኗና በማጉያው መካከል አንዲት ቢሲ 547 ትራንዚስተር ጨመርኩ፤ ሦስት እግሮቿ ኮሌክተር፣ ቤዝና ኤሚተር ይባላሉ። ከኮሌክተሩ ወደዚያው ወደ ጸዳው የ100 ማይክሮፋራድ መስመር 4.7 ኪሎ ኦም፣ ከኮሌክተሩ ወደ ቤዙ 1 ሜጋ ኦም፣ ኤሚተሩ ኔጌቲቭ ላይ። ከማይክሮፎኗ ወደ ቤዙ አንድ ካፓሲተር፣ ከኮሌክተሩ ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው ሌላ ካፓሲተር ይገባል። ኮሌክተሩ ላይ የመስመሩን ቮልት ግማሽ ያህል ካገኛችሁ ልክ ነው። ይህን ካደረግኩ በኋላ በ1ኛና በ8ኛ እግር መካከል የነበረውን ካፓሲተር አወጣሁት፤ ቺፑ በ20 እጥፉ በቃው፤ ድምፁም ይበልጥ ጠራ።

እስካሁን መስመሩ ከአባቴ ወደ እኔ ብቻ ነበር። ለመልሱ ሁለተኛ ማጉያና ማይክሮፎን ኩሽና ገጠምኩ፤ ስፒከሩን እሳቸው ዘንድ አስቀመጥኩ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስከፍት ቤቱ በፉጨት ተናወጠ፤ አባቴ ጆሯቸውን ያዙ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የእሳቸው ማይክሮፎን የሰማችውን የኔ ስፒከር ይናገራል፤ ያንን የኔ ማይክሮፎን ሰምታ ወደ እሳቸው ስፒከር ትልከዋለች፤ የእሳቸው ማይክሮፎን ደግሞ ትሰማዋለች። በዴንማርካዊው ፊዚክስ ሊቅ በሴረን ላርሰን ስም የላርሰን ክስተት የሚባለው ይህ ነው። ድምፅ በመቀነስ ለማዳን አትድከሙ፤ ፉጨቱ ሲጠፋ ንግግሩም አብሮ ይጠፋል። ዙሩ መቆረጥ አለበት።

የእሳቸውን ማይክሮፎን ሁልጊዜ ክፍት ትቼ የኔን በቁልፍ አደረግኳት። ስጫን የኔ ማይክሮፎን ትከፈታለች፤ በዚያው ቁልፍ ሌላ ጥንድ እግር የኔ ስፒከር ይቆረጣል። ስለቆረጣው አንድ ነገር ልብ በሉ። የማይክሮፎኗን ኃይል የሚያጠፋ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ስፒከሩ ጧ ይላል፤ ለታመመ ሰው ይህ ያስደነግጣል። ይልቅ ከመጨረሻው ካፓሲተር በኋላ፣ ድምፁ ወደ ቺፑ በሚገባበት ቦታ፣ ቁልፉ ሳይጫን መስመሩን ከኔጌቲቭ ጋር የሚያነካካ፣ ሲጫን የሚለቅ ይሁን። እዚያ ቀጥተኛ ቮልት ስለሌለ ጧታው የለም።

ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ማይክሮፎን የሰውን ክፍል ሁሉ የሚሰማ ጆሮ ነው። አባቴን ሳልጠይቅ ልገጥመው አልፈለግኩም። ፈቀዱ፤ ግን እጃቸው በሚደርስበት ቦታ መዝጊያ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ክፍት ሲሆን የምትበራ ቀይ መብራትም ጨመርኩላቸው። እንግዳ ሲመጣ ወይም ሲጸልዩ ይዘጉታል። ለታመመ ወይም ለአረጋዊ የምትሠሩ ሁሉ ይህን እንድታደርጉ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

ኃይሉን በተመለከተ፣ በእጅ የተሠራ ነገር ከመብራት መስመር ጋር በቀጥታ አታገናኙ፤ በተለይ ሰው ተኝቶ በሚነካው ሰርኪት ላይ። ባትሪ ይበቃል። አንድ ኤልኤም 386 ምንም ሳይናገር 4 ሚሊ አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ትራንዚስተሯና መብራቷ ሲጨመሩ ከዚያ ይበልጣል። ትንሿ ባለ 9 ቮልት ባትሪ በዚህ ፍጥነት ሳምንት አትሞላም። የግድግዳ ሰዓት ላይ የሚገቡትን ዓይነት ስድስት ባለ 1.5 ቮልት አልካላይን ባትሪዎች በተከታታይ ብታስገቡ ያው 9 ቮልት ሆኖ ዕድሜው ብዙ እጥፍ ይረዝማል። እኛ ቤት ባትሪ የሚቀየረው በተወሰነ ቀን ነው፤ እስኪያልቅ አይጠበቅም። ደወሉም አሁንም ከአልጋው አጠገብ አለ፤ ኢንተርኮሙ አንድ ቀን ሽቦው ቢላቀቅ አባቴ መጥሪያ እንዳያጡ አላነሳነውም።